ከአሜን በፊት የበረደ ብረት

ሰው ሲበላ አላይም። ደንበኞቼ ይህን ጠባዬን ለምደውት ነበር፤ ምክንያቱን ግን አንዳቸውም አያውቁም። ሽሮውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጥና ጀርባዬን ሰጥቼ ወደ ከሰል ምድጃዬ እዞራለሁ። አንዱ «ኩሩ ናት» ይላል፣ ሌላው «ሥራ በዝቶባት ነው» ይላል። አንድ የከባድ መኪና ሾፌር ደግሞ «እኔ ይቺን ሴትዮ መንገድ ላይ ባገኛት ከኋላዋ ካልሆነ አላውቃትም» ብሎ ሰዉን ሁሉ አሳቀብኝ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ምን ላድርግ፣ ከመናገር መሳቅ ይሻላል።

ምግብ ቤቴ ጁባ ውስጥ፣ ኮንዮ ኮንዮ ገበያ ጠርዝ ላይ ናት። ምግብ ቤት ስላችሁ ደግሞ ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ አራት ምሰሶ፣ አንድ ሰማያዊ ሸራ፣ ሦስት ጠረጴዛና ዐሥራ አንድ የፕላስቲክ ወንበር ናት። ወንበሮቹ ዐሥራ ሁለት ነበሩ፤ አንዱን የጸሎት ቡድናችን መሪ ተቀምጣ ሰበረችው። እንጀራውን ኮር ዊሊያም ሰፈር ከምትኖር ያገሬ ልጅ አስመጣለሁ፤ ቦዳ ቦዳ ሞተር ላይ ታስሮ ይመጣል፣ አንዳንዴም የመንገዱን አቧራ ግማሹን ይዞ ይመጣል። ሽሮው፣ ፍርፍሩ፣ እንቁላሉና ሻዩ ግን የእኔ እጅ ነው። የሚበሉት ያገሬ ሰዎች ናቸው፦ ቀለም ቀቢው፣ ሆቴል የሚሠሩት፣ ፀጉር ሠሪዎቹ። ኢትዮጵያ በስደት አድገው አሁን አገራቸው የተመለሱ ደቡብ ሱዳኖችም ይመጣሉ። ሽሮ ሲያዩ ደግሞ እነሱ ከእኛ ይብሳሉ።

የምዞርበት ምክንያት የለኝም ብዬ ጁባ ውስጥ ዘጠኝ ዓመት ዋሽቻለሁ። እውነቱ ይሄ ነው፤ የቀጥቃጭ ልጅ ነኝ። አባቴ ብረት አግሎ ማረሻ፣ ማጭድና ቢላዋ ይሠራ ነበር፤ እናቴ ሸክላ ትሠራ ነበር። ያደግሁበት አገር ይሄ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል፣ ለማያውቀው ልንገረው። ቀን ማረሻቸውን ያሠሩናል፣ ማታ ቡዳ ይሉናል። ዓይናችን ሰው ያሳምማል ይላሉ፤ በተለይ ምግብ የያዘ ሰው ላይ ካረፈ አበቃ። ሰርግ ቢኖር የሙሽራውን ማረሻና ማጭድ የሠራውን አባቴን አይጠሩትም፣ ቢጠሩትም ምግቡን ደጅ ያወጡለታል።

ሰባት ዓመቴ ላይ የጎረቤት ልጅ ዳቦ ሲበላ ቆሜ አየሁት። ያየሁት ስለራበኝ ነው፣ ሌላ ምን አለ! ቆይቶ ሆዱን ቆረጠው። ቤተሰቦቹ መጥተው የቀሚሴን ጫፍ በመቀስ ቆርጠው ወሰዱና አጨሱለት፤ መድኃኒቱ እሱ ነው። ልጁም ዳነ። ቀኑን ሙሉ ያልበሰለ ኮክ ሲግጥ እንደዋለ ኋላ ተሰማ፤ የእኔ ቀሚስ ግን ጎዶሎ እንደሆነ ቀረ፣ ሌላም አልነበረኝ። እናቴ ያን ዕለት አጠገቧ አስቀምጣ «ከዛሬ ጀምሮ ሰው ሲበላ አትዪ። ዞር በይ» አለችኝ። ይኸው ሸምግዬም እዞር ነበር።

እንዲህ ያለች ሴት ምን ቆርጧት ምግብ ቤት ከፈተች ትሉኝ ይሆናል። የማውቀው ሁለት ነገር ነው፣ እሳትና ወጥ። አባቴ ወንድ ልጅ ስላልነበረው ወናፉን የምነፋው እኔ ነበርኩ፤ ወጡን ደግሞ ማንም ሴት ያውቀዋል። አገሬን ስለቅቅ እሳቱን ደብቄ ወጡን ይዤ መጣሁ። አባትሽ ምን ነበሩ ሲሉኝ «ገበሬ» እላለሁ። የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው እንዲሉ፣ ሽንኩርት የምከትፍበት ቢላዋ እንኳ አንድ ቲማቲም ለመቁረጥ ሁለት ጊዜ የሚያስለምን የገበያ ቢላዋ ነበር።

ቢታወቅብኝ ምን እንደሚመጣ ጠንቅቄ አውቀዋለሁ። ወንበሮቼ ባዶ ይቀራሉ። እኔና ደንበኞቼ ያለንበት የጸሎት ቡድን ቡዳን በኢየሱስ ስም ካሰረ ቆይቷል፣ እሱስ እውነት ነው። ነገር ግን የታሰረ ውሻም ሲጮህ ሰው ይዘላል። እኔ ደግሞ ከዚህች ምግብ ቤት ሌላ መተዳደሪያ የለኝም።

ታዲያ ጎረቤቴ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ቀጥቃጭ! ስሸሽ ስሸሽ መጥቼ ቀጥቃጭ ጎን ወደቅሁ፣ አይ የእኔ ነገር! ደቡብ ሱዳናዊ ነው። ልጅነቱን ምዕራብ ኢትዮጵያ፣ መጠለያ ካምፕ ውስጥ ስላሳለፈ አማርኛው ከእኔ ይጠራል። ካምፑ ውስጥ ብየዳ ተማረ፤ አገሩ ሲመለስ ደግሞ መቆፈሪያና መጥረቢያ መቀጥቀጥ ከአንድ ሽማግሌ ለመደ። ከሸራዬ አራት እርምጃ ርቆ፣ የቆመ የመኪና አክስል ላይ ቀኑን ሙሉ ሲቀጠቅጥ ይውላል። እኔን «እቴ» ይለኛል። ዘመዶቹ እሱን «ሐበሻ» እያሉ ያበሽቁታል፤ እኔም ሳልቀር «አንተ ሐበሻ፣ አመድህ ሽሮዬ ውስጥ ገባ!» እለዋለሁ።

በመጀመሪያ ያስደነገጠኝ ሰው ሁሉ እየመጣ እጁን መጨበጡ ነበር። ሴቶቹ ሕፃናቸውን ያስይዙታል። ከአንድ ሳህን አብረውት ይበላሉ። አባቴ ይህን ቢያይ ምን እንደሚል አስብና ሽንኩርቴን መክተፍ እቀጥላለሁ። መዶሻው ሲያርፍ ብረቱ መብረዱን ከድምፁ እሰማለሁ፣ ጆሮዬን ማን ይዝጋው? ግን ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ብዬ አራት ዓመት ሙሉ ዝም አልኩ። እኔን የሚያውቅ ሰው ይህ እንዴት ያለ ሥቃይ እንደሆነ ይገባዋል።

አንድ ሰኞ የጎረቤቴ አጎት፣ የእናቱ ወንድም፣ ከገጠር መጡ። ረጅም ቀጭን ሽማግሌ ናቸው፤ አማርኛ አያውቁም፣ እኔን በጁባ ዐረብኛ «ክዋይስ?»፣ ደህና ነሽ ወይ፣ ይሉኛል፣ እኔም «ክዋይስ» እላለሁ፣ ከዚያ በኋላ ሁለታችንም ፈገግ ብለን እንቀራለን። የመጡት ለቢላዋ ነው። የአደን ቢላዋቸው፣ ከአባታቸው የወረሱት፣ በጦርነቱ ጊዜ ወንዝ ሲሻገሩ ከወገባቸው ወልቆ ውሃው ውስጥ ገብቷል። ከዚያ ወዲህ ሚዳቋ በገደሉ ቁጥር በሱቅ ቢላዋ ሲታገሉ ኖረዋል። አመዱ ላይ በጣታቸው ሣሉለት፦ ቅጠል የመሰለ፣ ከክንድ ያነሰ፣ ለመግፈፍ ሆዱ ገፋ ያለ፣ ጫፉ ቀጭን። ቅዳሜ ወደ መንደራቸው የሚሄድ መኪና አለ።

«ከገበያ መግዛት አቅቶኝ አይደለም፣ ከአንተ እጅ ነው የምፈልገው» አሉት። ይህን እሱ ነው የተረጎመልኝ፤ ሲተረጉምልኝ ፊቱ እንደ ልጅ በርቶ ነበር። ዘመዶቹ ሐበሻ የሚሉት ሰው የአያቱን ቢላዋ ሊሠራ ነው፣ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። ከጋራዥ ያገኘውን የመኪና ባሌስትራ አውጥቶ ሦስት ቦታ ቆረጠው። ሦስት ዕድል ማለት ነው።

ረቡዕ የመጀመሪያውን ቀጠቀጠ። ቅርጹ፣ እውነቱን ልናገር፣ ያማረ ነበር። መቆፈሪያ የለመደ እጅ እንዲያ ያለ ቅጠል ያወጣል ብዬ አልጠበቅሁም። ችግሩ ማጠንከሩ ላይ ነው። መቆፈሪያ ማጠንከር አያሻውም፤ ቢላዋ ግን ግሎ ካልተነከረ ስለት አይይዝም። የወርክሾፑን ቆርቆሮ ጣሪያ ባለፈው ነፋስ ስለወሰደበት የሚሠራው ጠራራ ፀሐይ ላይ ነው። ፀሐይ ላይ የጋለ ብረት ቀለሙን ይደብቃል፤ ቀላ ሲልህ እሱ ካለፈ ቆይቷል። አየሁት፣ ከመጠን በላይ አጋለው። ከዚያ ጀሪካን ቆርጦ የሞላው ውሃ ውስጥ ነከረው፣ ጭስስ አለ፣ ቀጥሎም ጠቅ የሚል ድምፅ ተሰማ። ያን ድምፅ ሃያ ዓመት አልሰማሁትም ነበር። ብረቱ ከሆዱ እስከ ጀርባው ተሰነጠቀ። እኔ ብረቱን ሳይ ሽንኩርቴ አረረ።

ሐሙስ ሁለተኛውን አዘጋጀ። አንድ መካኒክ በተቃጠለ የሞተር ዘይት ንከረው ብሎት ነበር፤ ጥሩ መክሮታል። ቀላ ሊል ሲቃረብ ግን ልቡ ፈራ መሰለኝ፣ ወደ ጠረጴዛዬ ዞሮ የጸሎት መሪያችንን «እህቴ፣ እባክሽ ባርኪልኝ» አላት።

ይቺን ሴት ላስተዋውቃችሁ። ገበያው ውስጥ ጨርቅ ትሸጣለች፤ ድምፅዋ ያለ ማይክ ሦስት መደብር ይደርሳል። ልቧ ወርቅ ነው። አራት ዓመት ሙሉ ምሳዋን ከእኔ ዘንድ በልታለች፣ ሌሎቹንም ወደ እኔ ያመጣች እሷ ናት። አንድ ጉድለት ብቻ አለባት፤ ጸሎት ስትጀምር መጨረሻውን አብ ብቻ ነው የሚያውቀው። ጉርሻዋን ዋጥ አድርጋ ተነሣች፣ እጇን አነሣች። እሱ ምን ያለ ሞኝ ነው መሰላችሁ፣ ብረቱን ከእሳቱ በጉጠት አወጣና ዓይኑን ጨፍኖ አንገቱን ደፋ። ብረቱን እሳቱ ውስጥ ትቶ መጸለይ ይችል ነበርኮ!

ሰማይና ምድርን የፈጠረውን አመሰገነች። ስለ ብረት አመሰገነች። ስለ ነጭ ዓባይ፣ ስለ ጁባ ሰላም፣ ስለ ሽማግሌው መንገድ፣ ስለ ቦዳ ቦዳ ነጂዎች ማስተዋል ጸለየች። እኔ ማንኪያዬን እንደያዝኩ ብረቱን አያለሁ። ከደማቅ ቀይ ወደ ጥቁር ቀይ ሄደ። ኧረ በጌታ፣ ቶሎ በይ! የነጋዴዎችን ሥራ መባረክ ጀመረች። ጠረጴዛው ላይ ያሉት ቅዱሳን ሁሉ አሜን አሉ፣ እሷ ግን ገና መግቢያው ላይ ናት። ብረቱ ግራጫ ሆነ። ብረትን መቀጥቀጥ እንደጋለ ነው ሲባል የሰማ ሰው በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሐል አንድ ጠፋ? ጥርሴን ነከስኩ፣ ምላሴን ነከስኩ፣ አልሆነም።

«አሜን በይ አንቺ ሴት! ብረቱ በረደ!»

እሷ አንድ ዓይኗን ገልጣ አየችኝ። ጎረቤቴ ደንግጦ ብረቱን ዘይት ውስጥ ከተተው፤ ጭስ የለ፣ ድምፅ የለ። አውጥቶ ሞረድ ቢያስነካው ሞረዱ እንደ ሳሙና ላጠውና ስለቱን አበላሸው፣ ዳግም ቢያግለውም አይመለስም። ሁለተኛው ዕድል ሄደ።

«ደግሞ አንቺ ስለ ብረት ምን ታውቂያለሽ?» አለችኝ የጸሎት መሪያችን። በክፋት አልነበረም፣ ጸሎቷ ተቋርጦባት ተናዳ ነው። እኔ ግን ደሜ ፈልቷል።

«የቀጥቃጭ ልጅ ነኝ! ለዚህ ነው የማውቀው! አባቴ ቀጥቃጭ፣ አያቴ ቀጥቃጭ፣ ወናፍ እየነፋሁ ያደግሁ!»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ዘጠኝ ዓመት የጠበቅሁትን በአንድ ትንፋሽ ጨረስኩት። ቀለም ቀቢው ጉርሻውን አፉ ደጅ ላይ አቆመው። ፀጉር ሠሪዎቹ ተያዩ። የጸሎት መሪያችን ቀስ ብላ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች፤ ከዚያ እጇ፣ እሷ ሳታውቀው ይመስለኛል፣ የሻርፗን ጫፍ ሳበና ሳህኗን ሸፈነ። ያን አየሁ። ከዚያ በኋላ ብዙ ሰው ብዙ ነገር ቢለኝ እንደዚያ አያመኝም ነበር።

ቀጥሎ እልህ ያዘኝ። አንዴ ከወጣ ወጥቷል፣ ከእንግዲህ ምን የምደብቀው አለ? አንድ ብረት ቀርቷል፣ ሽማግሌውም ከነገ ወዲያ ይሄዳሉ። ሽርጤን አጠበቅሁና ከምግብ ቤቴ ሸራ ግማሹን ፈትቼ እሳቱ ላይ ጥላ እንዲሆን ወጠርኩት። ደንበኞቼ ፀሐይ ላይ ቀሩ፣ ይቅሩ!

«አንተ ቀጥቅጥ፣ እኔ እሳቱን አያለሁ» አልኩት።

«እቴ፣ እስከ ዛሬ የት ነበርሽ?» አለኝ እየሳቀ።

«አራት እርምጃ ርቄ» አልኩት።

ማራገቢያው ወናፍ አይደለም፣ በብስክሌት ጎማ የሚዞር ነገር ነው። ሳዞረው ግን ክንዴ ወዲያው አስታወሰ። እሱ ይቀጠቅጣል፣ እኔ «አሁን መልሰው»፣ «አሁን አውጣው»፣ «ጀርባውን ተወው፣ ሆዱን ምታ» እላለሁ። በየመሐሉ ደስ አለኝ፣ ለምን እዋሻለሁ። ቀኑ የከፋ ቀን ነው፣ ምግብ ቤቴ ከኋላዬ እየፈረሰች ነው፣ እኔ ግን ላቤ እየወረደ ከአባቴ ጋር የምሠራ ያህል ደስ ብሎኛል።

ቅርጹ ሲያልቅ ጉጠቱን ተቀበልኩት። አባቴ ያስተማረኝ የቀለም ልክ አንድ ነው፤ የደረሰ ቡና ፍሬ። ከዚያ ያነሰ አይጠነክርም፣ ከዚያ ያለፈ ይሰነጠቃል። ጥላው ውስጥ አጎንብሼ ዓይኔን ሳልነቅል አየሁት። ያ ሁሉ ሰው የሚፈራው ዓይን ሥራው ይሄ ነው፣ ሌላ ምንም አያውቅም። ፍሬው ደረሰ፣ ዘይት ውስጥ ነከርኩት። ነበልባል ብልጭ አለ፣ ጭሱ ሁለታችንንም አስነጠሰን፣ ጠቅ የሚል ድምፅ ግን የለም። ሞረድ አስነካው፤ ሞረዱ ተንሸራተተ።

«ጨረስን?» አለኝ።

«አልጨረስንም። አሁን ከአጥንት ጋር ቢጋጭ ይሰበራል፣ ትንሽ ማለዘብ አለብን።» አሸዋ ያስፈልግ ነበር፣ ሰፊ ብረትም። በአካባቢው ያለው ሰፊ ብረት ደግሞ እንቁላል የምጠብስበት መጥበሻ ነው። አሸዋውን ሞላሁበት፣ ምድጃዬ ላይ ጣድኩት፣ ጠርገን ያጠራነውን ቢላዋ ላዩ ላይ አስተኛሁት። ከቆይታ በኋላ ነጩ ብረት ላይ የማር ቀለም እየፈሰሰ መጣ፣ ጫፉ ጋ ሲደርስ አነሣሁት። ቀና ስል ወንበሮቹ ላይ ማንም የለም። ግማሹ የተበላ ሦስት ሳህን ብቻ ቀርቷል።

አርብ ማንም አልመጣም። ማለቴ፣ ሰዎቹ በዚያ በኩል አለፉ፣ ግን አልተቀመጡም። ቀለም ቀቢው ከሩቅ «ዛሬ ጾም ይዣለሁ!» አለኝ። ከሰዓት በኋላ ሙዝ እየላጠ ሲመለስ ሳየው ሙዙን ኪሱ ከተተው። ፀጉር ሠሪዎቹ ጠግበናል አሉ። ደቡብ ሱዳኖቹ ሦስቱ ብቻ እንደ ልማዳቸው መጡ። አንደኛው «ሰማን፣ እትዬ። ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም፣ ሽሮውን አምጪው» አለኝና በሉ፤ እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ ቆምኩ። የቀረው ድስት ሙሉ ሽሮ ነው። ሽንኩርት ሳልይዝ አለቀስኩ። ጎረቤቴ እጀታውን እየሠራ በሩቁ አየኝና ፊቱን ወደ ሥራው መለሰ፣ ለዚህ አመሰግነዋለሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ሽማግሌው ጓዛቸውን ይዘው መጡ። እጀታው ጠንካራ እንጨት ነው፣ ላዩ ላይ ጥሬ የበሬ ቆዳ ተጠምጥሞ ደርቋል። ቢላዋውን ተቀበሉና ክንዳቸው ላይ አንዴ ሳብ አደረጉት፣ ፀጉሩ ወረደ። ከዚያ በጥፍራቸው ጫፉን ገፋ አድርገው ለቀቁት፣ ተመለሰ። ፊታቸው ላይ ግን ምንም የለም። ከሥጋ መደብር አዲስ የፍየል ጭን አስመጡ፤ ኮንዮ ኮንዮ ደግሞ ሰው ሲሰበሰብ ያየ ሁሉ የሚሰበሰብበት ቦታ ስለሆነ፣ በአንዴ ዙሪያችን ሞላ። የጸሎት መሪያችንም ከሰዉ ኋላ ቆማ አየኋት።

ሽማግሌው ከጭኑ ላይ አንድ ቀጭን ቁራጭ አወረዱ፤ ቢላዋው ሥጋው ውስጥ ሲሄድ ድምፅ የለውም። ቁራጩን የጎረቤቴ ፍም ላይ ጣሉት፣ ገለበጡት፣ አነሡትና አንድ ነገር ጠየቁ።

«እሳቱን ያየው ማነው ይላሉ» አለ ጎረቤቴ።

«እና ንገራቸዋ፣ የሠራኸው አንተ ነህ።»

«እኔ ቀጥቅጫለሁ። ዓይኑ የእሷ ነው ብያቸዋለሁ።»

ሽማግሌው ሥጋውን ይዘው ወደ እኔ መጡና እጃቸውን ዘረጉ። ጎረቤቴ ተረጎመው፦ በእነሱ አገር አዲስ ቢላዋ የቆረጠውን የመጀመሪያ ሥጋ የሚበላው ብረቱን የሠራ ሰው ነው። ሠሪው ሳይውጥ ማንም ሰው ከዚያ ሥጋ አይቀምስም፣ አለቃም ቢሆን። ሠሪው ካልበላ ቢላዋው ርቦት ይቀራል ይላሉ።

ወገኖቼ፣ እኔ በሕይወቴ ሙሉ ሰው ሲበላ ያላየሁ ሰው ነኝ። አሁን ገበያው በሙሉ ቆሞ እኔ ስበላ ያያል። ሥጋው ይፋጃል፣ ጨው የለውም፣ ግማሹ አመድ ነው። አፌ ውስጥ አደረግሁት። ሽማግሌው ጉሮሮዬን ትኩር ብለው ያያሉ፣ እስክውጥ። አባቴን ደጅ ላይ ምግብ ያወጡለትን ሰዎች አሰብኩ፣ ሥጋውም በእንባ ጨው አገኘ። ዋጥኩ። ሽማግሌው «ክዋይስ» ብለው ትከሻዬን መታ አደረጉኝና ለራሳቸው ቆረጡ፣ ቀጥሎ ለእህታቸው ልጅ። ቢላዋው ወገባቸው ላይ እንደገባ ቦዳ ቦዳ ላይ ወጡና ወደ መኪናቸው ሄዱ። ዞር ብለው አላዩም፣ አዳኝ እንዲያ ነው መሰለኝ።

ሰዉ ሲበተን የጸሎት መሪያችን ወደ ሸራዬ ገባች። ወንበሩን በእጇ ጫን ጫን አድርጋ ፈተነችውና ተቀመጠች።

«ሽሮ» አለች።

አመጣሁ፣ አስቀመጥኩ፣ ዞርኩ።

«ምን ዞረሽ ቆምሽ? አራት ዓመት ጀርባሽን እያየሁ በላሁ፣ ይብቃኛ!»

«ሰው ሲበላ አላይም» አልኩ፣ ወደ ምድጃው እያየሁ።

«ለምን እንደማታዪ ገብቶኛል። ዙሪ።» ድምፅዋ ያን ጊዜ ሦስት መደብር የሚደርስ አልነበረም። «ሐሙስ ሳህኔን ሸፈንኩ። ቤቴ ገብቼ ነው የታወቀኝ። በየሳምንቱ ቡዳን የማስረው እኔ ነኝ፣ በዚያ ቀን እጄን የሚያስር ጠፋ። አፍሬያለሁ፣ እህቴ።»

ዞርኩ። እንጀራውን ቆርሳ ሽሮው ውስጥ ነከረች። «በኢየሱስ ስም» አለች። ጉርሻዋን አነሣች፣ «በኢየሱስ ስም»። አፏ ጋ ስታደርስ ሦስተኛ ጊዜ «በኢየሱስ ስም!» ብላ ጎረሰችና ዓይኗን ጨፍና ዋጠች።

«አሜን በይ፣ በረደ» አላት ጎረቤቴ ከአክስሉ ሥር።

ሳቅ አመለጣት፣ ሽሮው ትን ሊላት ትንሽ ቀረ። «ሆዴን ቢያመኝ የዘይትሽ ነው፣ ዘይትሽ ሁልጊዜም ይበዛል» አለችኝ። ከዚያ ቦርጯን መታ መታ አደረገች፤ «አራት ዓመት ከእጅሽ በልቼ ያገኘኝ ነገር ቢኖር ይሄ ነው። ነገ ቤተ ክርስቲያን ላይ ቆሜ አሳያቸዋለሁ።» ቀለም ቀቢው በዚያ በኩል ሲያልፍ ቆመ፣ እኛን አየና ጾሙ እንደተፈታ የገባው መሰለኝ፣ ወንበር ሳበ።

እኔ ግን እሷን እያየሁ ነበር። በግራ መንጋጋዋ ነው የምታኝከው። በርበሬው ሲያቃጥላት አፍንጫዋን ትሸበሽባለች። ሁለተኛውን ጉርሻ ከመዋጧ በፊት ሦስተኛውን ታዘጋጃለች፣ ልክ እንደ ጸሎቷ። አራት ዓመት ያበላኋት ሴት ስትበላ ምን እንደምትመስል አላውቅም ነበር።

«ከንፈርሽ ጥግ ላይ ሽሮ አለ» አልኳት።